ከግሬንጅ ሂል እስከ ዳይሬክተርነት፦ የአማ አሳንቴ የፊልም ጉዞ

በዛሬው መሰናዷችን የምናወጋችሁ በልጅነቷ በቴሌቪዥን ተዋናይነት ታውቃ፣ ካደገች በኋላ ግን ካሜራ ፊት መቆሙን ትታ ወደ መጻፍና ወደ ዳይሬክተርነት ስለዞረች እንግሊዛዊት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1986 ዘጠኝ የእንግሊዝ ወጣቶች ባሕር ተሻግረው ዋሽንግተን ገቡ። የተጠሩት ወደ ዋይት ሐውስ ነበር። ጠሪያቸው የፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ባለቤት ናንሲ ሬገን ናቸው። ልጆቹ የዲፕሎማት ወይም የባለሥልጣን ልጆች አልነበሩም፤ ቢቢሲ ለልጆች ያሳየው በነበረው «ግሬንጅ ሂል» በተባለ ተከታታይ ድራማ ላይ የሚጫወቱ ተዋንያን ናቸው። ድራማው ስለ አንድ የለንደን የመንግሥት ትምህርት ቤትና ስለ ተማሪዎቹ ውሎ የሚተርክ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ዛሞ የተባለው ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ የሄሮይን ሱሰኛ ሲሆን አሳየ። ታሪኩ ወላጆችን አስደነገጠ፤ ተማሪዎችን አነጋገረ። ተዋንያኑም አደንዛዥ ዕፅን እምቢ በሉ የሚል ዘፈን አወጡና ዘፈኑ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ አምስተኛ ደረጃ ወጣ። ናንሲ ሬገንም በአሜሪካ በዚያው መፈክር ዘመቻ ያካሂዱ ስለነበር ልጆቹን ጋበዟቸው።

ከዘጠኙ አንዷ አማ አሳንቴ ነበረች። ያኔ ገና ኮረዳ ናት። ዝናዋም የመጣው ሌላ ሰው ጽፎ የሰጣትን ቃል በመናገሯ፣ ሌላ ሰው ቁሚ ባላት ቦታ በመቆሟ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ 60ኛው የለንደን ፊልም ፌስቲቫል የተከፈተው በእሷ ፊልም ነበር። ያንን ፌስቲቫል በሥራዋ የከፈተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳይሬክተርም እሷ ሆነች።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ያለውን መንገድ እንከተል።

አማ አሳንቴ በ1969 ለንደን ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ከጋና የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ቤተሰቡ የኖረው በደቡብ ለንደን፣ ስትሬታም በሚባል ሰፈር ሲሆን ጥቁር ቤተሰብ በዚያ መንገድ ላይ ብርቅ ነበር። ከጎረቤት የሚወረወረውን ስድብና ወደ አገራችሁ ሂዱ የሚለውን ዛቻ እየሰማች ማደጓን አማ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግራለች። ይህን ልብ ብላችሁ ያዙልን፤ የመጀመሪያ ፊልሟን ስናነሳ ያስፈልገናል።

ወላጆቿ ያስገቧት በምዕራብ ለንደን፣ አክተን ውስጥ፣ ባርባራ ስፒክ የትወና ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች መደበኛውን ትምህርት ከዳንስና ከትወና ጋር አጣምረው ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቻቸውንም ለቴሌቪዥን፣ ለማስታወቂያና ለመድረክ ሥራ ያቀርባሉ። ከዚሁ ትምህርት ቤት ዘፋኙ ፊል ኮሊንስና ሞዴሏ ናኦሚ ካምቤል ወጥተዋል። አማም በዳንስ ጀምራ ወደ ትወና ገባች፤ ከዚያም «ግሬንጅ ሂል» ላይ ቋሚ ተዋናይ ሆነች።

ከድራማው በኋላም ሥራ አላጣችም። ቻናል ፎር ያሳየው በነበረው «ዴዝመንድስ» ላይ ታየች። ይህ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ በደቡብ ለንደን ፔካም ውስጥ ስላለ የአንድ የካሪቢያን ስደተኛ ፀጉር ቤት የሚተርክ ነው። ከ1989 እስከ 1994 ሲታይ ጥቁርና ነጭ ተመልካቾችን በአንድ ላይ ያሳቀ፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታሪክ የራሱ ቦታ ያለው ሥራ ነው። «በርድስ ኦፍ ኤ ፌዘር» በተባለው ሌላ ኮሜዲም ተጫውታለች። ለአንድ ዓመት ያህልም የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ፕሮግራም አቅርባለች።

እንግዲህ ፊት ለፊት የሚታየው መንገድ ክፍት ነበር። አማ ግን ገና በወጣትነቷ ትወናን ወደ መተው አዘነበለች። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለአንዲት ጥቁር ወጣት ምን ዓይነት ሚና ይሰጥ እንደነበር ያየ ሰው አይገረምም። ነርስ፣ የክፍል ጓደኛ፣ ጎረቤት፤ መሪዋ ገጸ ባሕርይ ምስጢሯን የምታካፍላት፣ የራሷ ምስጢር ግን የሌላት ሴት። ተዋናይ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ስክሪፕቱ ላይ ያልተጻፈላትን ሕይወት ልትኖር አትችልም። አንድ ሰው በታሪኩ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚወሰነው ካሜራው ከመነሳቱ ከወራት በፊት፣ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። አማም የሄደችው ወደዚያ ጠረጴዛ ነበር።

መጀመሪያ ከአንድ የፕሮዳክሽን ኩባንያ ጋር ጽሑፍ ለማዳበር ተዋዋለች። በእንግሊዝ አሠራር እንዲህ ዓይነት ውል የተዋዋለ ጸሐፊ ሐሳቡን ወደ ስክሪፕት እስኪለውጥ ድረስ ክፍያ ያገኛል፤ ሥራው ይቀረጽ አይቀረጽ ግን ዋስትና የለውም። ብዙ ጽሑፍ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የእሷ አልቀረም። በ1998 «ብራዘርስ ኤንድ ሲስተርስ» የተባለው ተከታታይ ድራማዋ በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ታየ። ሐሳቡን ያመነጨችው፣ የጻፈችውና ፕሮዲውስ ያደረገችው ራሷ ናት። ሁለት ምዕራፍ ሄደ። በዚህ ድራማ ላይ ከተጫወቱት መካከል ገና ከትወና ትምህርት የወጣ ዴቪድ ኦየሎዎ የሚባል የናይጄሪያውያን ልጅ ነበረበት። ስሙን አትርሱት።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሟ «ኤ ዌይ ኦፍ ላይፍ» ነው። ፊልሙ የወጣው በ2004 ነው። መጀመሪያ ላይ አማ ራሷን የምታየው እንደ ጸሐፊ ብቻ ነበር፤ ስክሪፕቱን ያዩት የገንዘብ ድጋፍ ሰጪዎች ናቸው አንቺው ዳይሬክት አድርጊው ያሏት። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ዳይሬክተር ሆነች። ይሁን እንጂ ከልጅነቷ ጀምሮ በቀረጻ ቦታ ያደገች ሰው ናት። ዳይሬክተር ተዋናይን ምን ብሎ እንደሚያነሳሳው፣ ምን ብሎ እንደሚያደነዝዘው ከሚታዘዘው ወገን ሆና አይታዋለች። ይህ በየትኛውም ክፍል በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የማይገኝ ዕውቀት ነው።

የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው በደቡብ ዌልስ፣ ሥራ በጠፋበት አካባቢ ነው። መሪዋ ገጸ ባሕርይ ሊ አን ትባላለች፤ ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ የወለደች፣ ሕፃን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ድሃ ነጭ ወጣት ናት። ኤሌክትሪክ የሚከፈልበት ሳንቲም ታጣለች። ትልቁ ፍርሃቷ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ልጇን እንዳይወስዱባት ነው። በጎረቤቷ የሚኖረው ሐሰን ከቱርክ መጥቶ ለብዙ ዓመታት እዚያ የኖረ ሰው ነው። ለመንግሥት የጠቆመብኝ እሱ ነው ብላ ታስባለች። ጥርጣሬው እያደር ወደ ጥላቻ ይለወጣል፤ እሷና ሦስት ወጣቶች ተባብረው ሰውየውን መንገድ ላይ ደብድበው ይገድሉታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዘረኝነት በቤቷ ደጃፍ ሲጮህ እየሰማች ያደገች ጥቁር ሴት ስለ ዘረኝነት የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ ካሜራዋን ያስቀመጠችው ተጠቂው ዘንድ አይደለም፤ አጥቂዋ ቤት ውስጥ ነው። ሊ አንን አታጸድቃትም። ግድያው በግልጽ ግድያ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ያቺ ልጅ እዚያ እንዴት እንደ ደረሰች፣ ድህነትና ብቸኝነት ጥላቻን እንዴት እንደሚቀልቡ ተመልካቹ ዓይኑን ሳይነቅል እንዲያይ ታስገድደዋለች። ይህን ለማድረግ ትልቅ ልብ ይጠይቃል። ፊልሙ በለንደን ፊልም ፌስቲቫል አዲስ ለተቋቋመው የእንግሊዝ የፊልም ተሰጥዖ ሽልማት በቃ፤ በ2005ም አማ የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ፣ ባፍታ፣ ለጀማሪ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የካርል ፎርማን ሽልማት ወሰደች።

ሽልማት ግን ሥራ ማለት አይደለም። ሁለተኛ ፊልሟ እስኪወጣ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

በእነዚህ ዓመታት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በናዚ ጀርመን ስለነበሩ ጥቁር ልጆች አንድ ስክሪፕት ጽፋ ነበር፤ ገንዘቡ አልተሟላ ብሎ ተጓተተ። እንግሊዝ ውስጥ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከመንግሥታዊ ፈንድ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያና ከውጭ አከፋፋይ የተገኘ ገንዘብ ተጣምሮ ነው። ከሦስቱ አንዱ ካፈገፈገ ሌሎቹም ያፈገፍጋሉ። በዚያ ላይ ጥቁር ሴት ዳይሬክተሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ንጎዚ ኦንውራ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሙሉ ፊልም በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ያሳየች የመጀመሪያዋ ጥቁር እንግሊዛዊት ከሆነች በኋላ በሩ ወለል ብሎ አልተከፈተም። የአማ ዘጠኝ ዓመትም የዚያው የተጠበበ በር ታሪክ ነው።

በሩን የከፈተላት አንድ ፖስት ካርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፕሮዲውሰሩ ዴሚየን ጆንስ የላከላት ይህ ፖስት ካርድ በስኮትላንድ ስኮን ቤተ መንግሥት የሚገኝ፣ በ1779 አካባቢ የተሣለ የሥዕል ቅጂ ነበረበት። በሥዕሉ ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች አሉ። አንዷ ነጭ፣ ሮዝ ቀሚስ የለበሰች፣ መጽሐፍ የያዘች ናት። ሌላዋ ጥቁር፣ ነጭ ሐር የለበሰች፣ ላባ የተሰካበት ጥምጥም ያደረገች፣ በእጇ ፍራፍሬ የያዘች ናት። ነጯ እጇን ወደ ጥቁሯ ዘርግታለች። ጥቁሯ ጣቷን ጉንጯ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ በቀጥታ ወደ እኛ ታያለች።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ የመኳንንት ሥዕሎች ውስጥ ጥቁር ሰው መሣል አዲስ ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ግን ትንንሽ ሆነው ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ወደ ጌታቸው አንጋጠው የሚያዩ፣ የባለቤቱን ሀብት ለማሳየት ከውሻውና ከሐሩ ጋር የተደረደሩ ናቸው። ይህ ሥዕል ያንን ልማድ ሰበረ። ሁለቱ ሴቶች እኩል ቁመት፣ እኩል ብርሃን አላቸው።

ጥቁሯ ወጣት ዳይዶ ኤልዛቤት ቤል ናት። በ1761 ተወለደች። እናቷ ማሪያ ቤል በባርነት የነበረች አፍሪካዊት፣ አባቷ ሰር ጆን ሊንዚ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ናቸው። ያሳደጓት የአባቷ አጎት ሎርድ ማንስፊልድ ሲሆኑ፣ እኚህ ሰው የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነበሩ። ሥዕሉ ላይ አብራት ያለችው ኤልዛቤት መሪም በዚያው ቤት ያደገች የሥጋ ዘመዷ ናት። ቤቱ ኬንውድ ይባላል፤ ዛሬም በሰሜን ለንደን ቆሞ ለጎብኚ ክፍት ነው።

የዳይዶ ኑሮ ሁለት መልክ ነበረው። ቶማስ ሐቺንሰን የተባሉ የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ የቀድሞ አገረ ገዢ በ1779 ኬንውድ ራት ተጋብዘው ያዩትን በማስታወሻቸው መዝግበዋል። ዳይዶ እንግዶቹ ራት ሲበሉ አልነበረችም። ቡና ሲቀርብ ግን መጣችና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ በኋላም ከአንዷ ወጣት ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ በአትክልቱ ስፍራ ተንሸራሸረች። ቤተሰብ ናት፤ ገበታው ላይ ግን ቦታ የላትም። የአማ ፊልም «ቤል» የተገነባው በዚህች በአንዲት ነጥብ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዳይዶን የምትጫወተው ጉጉ ምባታ ሮው ለምን ከእንግዶችም ከአገልጋዮችም ጋር እንደማትበላ የምትጠይቅባቸው ትዕይንቶች ድምፅ ሳይጨምሩ ያማሉ።

ፊልሙ ከዚህ የቤት ታሪክ ጋር ያጣመረው አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። በ1781 መጨረሻ «ዞንግ» የተባለው የባሪያ ንግድ መርከብ ሠራተኞች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ወረወሯቸው። የመጠጥ ውኃ አለቀብን አሉ። የመርከቡ ባለቤቶች ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ የኢንሹራንስ ካሣ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። የመጀመሪያው ችሎት ፈረደላቸው። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ይግባኝ ሲሉ ጉዳዩ በ1783 በሎርድ ማንስፊልድ ፊት ቀረበ፤ በዚያም ችሎት ዝናብ ዘንቦ እንደነበር፣ ከዝናቡም በኋላ ሰዎች መወርወራቸው ተነገረ። ማንስፊልድ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለው ወሰኑ። የግድያውን ወሬ ለባርነት ተቃዋሚው ለግራንቪል ሻርፕ ያደረሰው ራሱ ከባርነት ነፃ የወጣው አፍሪካዊ ኦላውዳ ኢኳያኖ ነበር። ቀደም ብሎም በ1772 እኚሁ ዳኛ በጄምስ ሶመርሴት ጉዳይ ማንም ጌታ ባሪያውን በግድ ከእንግሊዝ ሊያወጣ አይችልም ብለው ነበር።

የአማ ፊልም ሁለቱን ታሪኮች አገናኝቶ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ቤቱ ውስጥ እንደ ልጁ የሚያያት ጥቁር ወጣት እያለች፣ ዳኛው ችሎት ላይ አፍሪካዊን እንደ ጭነት ሊቆጥር ይችላል ወይ? ጥያቄው የታሪክ ሰነድ መልስ የማይሰጥበት ነው፤ ስለዚህም ለፊልም የተመቸ ነው። ሎርድ ማንስፊልድን ቶም ዊልኪንሰን ሲጫወተው የሰውየው ጭንቀት በንግግር ሳይሆን በዝምታው ይታያል።

እውነቱን መናገር ካለብን ፊልሙ ከታሪክ የራቀባቸው ቦታዎችም አሉ። ዳይዶ ያገባችው ጆን ዳቪኒየር በፊልሙ ለፍትሕ የሚሟገት ወጣት የሕግ ተማሪ ነው፤ በታሪክ ግን በመኳንንት ቤት የሚሠራ ሰው እንደነበረ ነው የሚታመነው፤ የተጋቡትም ማንስፊልድ ካረፉ በኋላ በ1793 ነው። የዞንግ ጉዳይ ፊልሙ ላይ በሕዝብ ጭብጨባ ይዘጋል፤ በእውነተኛው ታሪክ ግን እንደገና ችሎት ለመካሄዱ ማስረጃ አልተገኘም፤ ለግድያውም ማንም አልተጠየቀም። ይህ ሁለተኛው እውነት ከፊልሙ መጨረሻ ይልቅ ይከብዳል። ተመልካች ፊልሙን ካየ በኋላ ሊያውቀው ይገባል።

ስለ ስክሪፕቱም አንድ ነገር እንበል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሚሳን ሳጋይ ናት። አማ ዳይሬክተር ሆና ስትገባ ስክሪፕቱን እንደገና ሠርታዋለች። የጸሐፊነት ስም ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር ወደ አሜሪካ የደራስያን ማኅበር ሽምግልና ሄዶ ስሙ ለሳጋይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በፊልም ሥራ ማን ምን ጻፈ የሚለው ስንት ውዝግብ እንዳለው ለሙያው አዲስ የሆኑ አድማጮች ከዚህ ሊረዱት ይችላሉ።

«ቤል» በ2013 በቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል ታየ፤ በቀጣዩም ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገባ። ከሥዕሉ ፊት ሳያዩ ያልፉ የነበሩ ሰዎች ስለ ዳይዶ መጠየቅ ጀመሩ።

አሁን ወደ ዴቪድ ኦየሎዎ እንመለስ። ያ በአማ የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተጫወተው ወጣት በ2014 «ሰልማ» በተባለው ፊልም ማርቲን ሉተር ኪንግን ተጫውቶ ዓለም አወቀው። እሱ ለዓመታት ሊያሠራው ይደክምበት የነበረ አንድ ታሪክ ነበር፤ የቦትስዋናው ሴሬትሴ ካማ ታሪክ። ዳይሬክተር ሲፈለግ አማን ጠራት። እንዲህ ነው የዚህ ሙያ ዝምድና የሚሠራው፤ በ1998 ዕድል የሰጠችው ልጅ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ዕድል ይዞ መጣ።

ታሪኩ ይህ ነው። ሴሬትሴ ካማ ቤቹዋናላንድ ትባል በነበረችው የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት የባንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ ነበር። አልጋውን የሚጠብቅለት አጎቱ ሼኬዲ ለትምህርት እንግሊዝ ላከው። በ1947 ለንደን ውስጥ በሚስዮናውያን ማኅበር በተዘጋጀ የዳንስ ምሽት ላይ ሩት ዊልያምስን አገኛት። ሩት በሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያ ጸሐፊ ነበረች። ሁለቱም የጃዝ ወዳጅ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1948 ሊጋቡ ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ፈራች፤ በኬንሲንግተን የመዝገብ ቢሮ ተጋቡ።

ጊዜውን አስቡት። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ይዟል። በጎረቤት አገር አንድ ጥቁር ንጉሥ ነጭ ሚስት ይዞ ሊነግሥ ነው። ፕሪቶሪያ ተቆጣች። ከዓለም ጦርነት የተላቀቀችው እንግሊዝ ደግሞ የደቡብ አፍሪካን ወርቅና ዩራኒየም ትፈልግ ነበር። በ1949 ሴሬትሴ በአገሩ፣ በሴሮዌ፣ በሕዝቡ ሸንጎ ፊት ቆሞ ከነሚስቴ ትቀበሉኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ድጋፋቸውን ሰጡት። የለንደን መንግሥት ግን ለምክክር ብሎ በ1950 ጠራውና አገርህ እንዳትመለስ አለው። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ቤቹዋናላንድ ቀርታ ነበር። ለመንገሥ ብቁ ነው አይደለም የሚለውን ያጠናው የመንግሥት ኮሚሽን ሰውየው ብቁ ነው፤ ችግሩ የደቡብ አፍሪካ ቁጣ ነው ብሎ ጽፎ ነበርና ዘገባው ለብዙ ዓመታት ተቆለፈበት። የሌበር ፓርቲ መንግሥት የጀመረውን ግዞት የቸርችል መንግሥት የዘላለም አደረገው።

ሴሬትሴና ሩት በ1956 የተመለሱት አልጋውን በመተው፣ እንደ ተራ ዜጋ ነው። እሱም በ1962 ፓርቲ መሠረተ፤ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1966 አገሪቱ ቦትስዋና ተብላ ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1980 መራ። ልጃቸው ኢያን ካማም ከ2008 እስከ 2018 ፕሬዚዳንት ነበር።

በ2016 የለንደን ፊልም ፌስቲቫልን የከፈተውንና «ኤ ዩናይትድ ኪንግደም» የተባለውን ይህን ፊልም አማ በለንደንና በቦትስዋና ቀረጸችው። ስክሪፕቱን የጻፈው ጋይ ሂበርት ሲሆን መነሻው ሱዛን ዊልያምስ ስለ ጉዳዩ የጻፈችው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ሩትን ሮዛመንድ ፓይክ ተጫውታለች። ከፊልሙ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የሸንጎው ትዕይንት ነው። ኦየሎዎ የሚናገረው ፖለቲካ ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ግን ያለው ሚስቱ ናት፤ ዳይሬክተሯም ካሜራውን ፊቱ ላይ ታቆየዋለች። ብዙ ዳይሬክተር እዚህ ላይ ሕዝቡን ለማሳየት ይቸኩል ነበር። ተዋናይ የነበረ ሰው ግን አንድ ፊት ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ያውቃል። የለንደኑ ጭጋግ በሰማያዊና በግራጫ፣ የሴሮዌ ሜዳ ደግሞ በወርቃማ ብርሃን መቀረጹም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተመልካቹ ስደት ማን ዘንድ እንዳለ በቀለሙ ይረዳል።

ፊልሙ የሚወቀስበትም አለ። የእንግሊዝ ባለሥልጣናቱ ከክፋት በቀር ሌላ መልክ አልተሰጣቸውም፤ የአጎትዬው የሼኬዲ አቋም ደግሞ ከታየው በላይ ጥልቀት ነበረው። ሰውየው ለሕዝቡ መሬትና ክብር ዕድሜውን ሙሉ የታገለ መሪ ነበር።

በ2018 ያ ለዓመታት የተጓተተው ስክሪፕት በመጨረሻ «ዌር ሃንድስ ተች» ሆኖ ወጣ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ራይንላንድ የተባለውን የጀርመን ግዛት ስትይዝ ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ያመጣቻቸው ወታደሮች እዚያ ሰፍረው ነበር። ከእነሱና ከጀርመናውያን እናቶች የተወለዱ ልጆች ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ተለቅመው ተመዘገቡ፤ በ1937 ወደ 400 የሚጠጉት በምስጢርና በግዳጅ እንዳይወልዱ ተደረጉ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አማ መሪ ገጸ ባሕርይዋን ላይናን ከእነዚህ ልጆች አንዷ አድርጋ፣ ከሂትለር ወጣቶች አባል ጋር ስትፋቀር አሳየች። ፊልሙ ገና ሳይወጣ አንድ ፎቶ ብቻ ታይቶ ናዚን በፍቅር ቀባችው የሚል ቁጣ ተነሳ። እሷም ዓላማዋ የዚያችን ልጅ ሁለት ማንነት ማሳየት መሆኑን አስረዳች። ተቺዎች ግን አልተቀበሉትም። ርዕሰ ጉዳዩ ከማንኛውም ሥራዋ የበለጠ ያልተነገረ ነበር፤ የፍቅር ታሪኩ ግን ሊሸከመው አልቻለም፤ ላይና የደረሰባት ነገር ከልጁ ጸጸት ጋር እኩል ቦታ መያዙ ፊልሙን ጎዳው።

ከዚያ በኋላ አማ ወደ ተነሳችበት ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰች፤ አሁን ግን ዳይሬክተር ሆና። በ2019 «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» በተባለው ታዋቂ ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ክፍሎችን ዳይሬክት አደረገች። በ2020 ደግሞ ኬት ብላንሼት የተወነችበትና በሰባዎቹ አሜሪካ ስለ ሴቶች መብት ስለተደረገው ትግል የሚያወሳው «ሚሲስ አሜሪካ» ላይ ሠራች። በ2017 ለፊልም ጥበብ ላበረከተችው አስተዋጽኦ የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ሽልማት ተቀብላለች።

በትወና ጀምረው ወደ ጽሑፍና ዳይሬክተርነት የተሻገሩ እንግሊዛውያን ብዙ ናቸው። እንደ እሷ የጋና ስደተኞች ልጅ የሆነችው ሚካኤላ ኮል በ2020 «አይ ሜይ ደስትሮይ ዩ»ን ጽፋ፣ ተውናና ከዳይሬክተሮቹ አንዷ ሆና ስታቀርብ ትወናውን አልተወችም ነበር። አማ ግን ከካሜራው ፊት ዘወር አለችና አልተመለሰችም። የእሷ ልዩ ነገር የምትቆፍርበት ቦታ ነው፤ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የቤተ መንግሥት ሥዕል፣ የተቆለፈ የመንግሥት ዘገባ። እዚያ ውስጥ ስሙ በአንድ መስመር የተጠቀሰ ሰው ታገኛለች፤ ከዚያ ሙሉ ሰው ታደርገዋለች።

አድማጮቻችን፣ ፊልሞቿን ለማየት ከፈለጋችሁ በ«ኤ ዩናይትድ ኪንግደም» ጀምሩ፤ ለዓይንም ለልብም የቀለለ ነው። ከዚያ «ቤል»ን አስከትሉ፤ በጥበብ ደረጃ የላቀው እሱ ነው። የአንዲትን ሴት የግል ቁስልና የአንድ አገርን ወንጀል በአንድ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ሁለቱንም ሳያሳንስ ይተርካል። በድፍረት ከሆነ ግን እስከ ዛሬ «ኤ ዌይ ኦፍ ላይፍ»ን የሚያክል አልሠራችም። ፈልጋችሁ እንድታዩት እንመክራለን።